ዶን ሳቢኖ የወደቁበት ቦታ

ባርኔጣቸው ደረታቸው ላይ ነበር። ሁለት እጆቻቸውም ባርኔጣው ላይ ተደራርበዋል፣ ልክ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም እጆቻቸውን አላቅቄ ባርኔጣውን አነሳሁና ዝንብ እንዳያርፍባቸው ፊታቸውን ሸፈንኩበት። ነገሩ ልክ እንዳልነበረ የገባኝ በማግስቱ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ነገር አበላሽቼ ነበር።

ያን ጠዋት ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ዶን ሳቢኖ ሞተው የተጋደሙት ከተሽከርካሪ ቤታችን ኋላ፣ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። በመኪናው የኋላ ፓራውልት ቀኝ ጫፍ ላይ ትናንት ያልነበረ ስርጉድ አለ፤ ስርጉዱ ላይ ቀይ ነገር ተለጥፏል። ማታ መኪናውን ይዞ የወጣው ልጄ ዬርኮ ነው። ዬርኮ ውስጥ ተኝቷል።

የመጠጥ ውሃችንን ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ሳሙና ጨመርኩበትና ፓራውልቱን አጠብኩ። የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጉዞው የባሌ ሐሳብ ነበር። ባሌ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሰባት ቀን ተራራ ላይ፣ ሰባት ቀን ቤት። ቤት በሚሆንበት ሳምንት እየቆራረጠ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ላይ አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ገጠመ። ዘንድሮ በረሃው ዝናብ አግኝቶ አበበ ሲባል ግን ፈረቃው አልገጠመለትም። «እናንተ ሂዱ፣ አበባ እኔን አይጠብቅም» አለ።

እኔ ገና ከከተማችን ከላ ሴሬና ሳንነሳ ጎማ እንደሚፈነዳ፣ ጋዝ እንደሚያፈስ፣ ዬርኮን መሪ ላይ እንቅልፍ እንደሚጥለው አውቄ ነበር። ጎማው በመጀመሪያው ቀን ፈነዳ። በሁለተኛው ቀን ማቀዝቀዣው ቆሞ ዓሣው ሸተተ። በሦስተኛው ቀን የውሃ ታንከሩ ተሰንጥቆ፣ ዬርኮ ስንጥቁን በማስቲሽ እስኪደፍነው ድረስ ከአንድ ባልዲ በቀር ውሃችንን በሙሉ አሸዋ ጠጣው። ባሌ ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ «እስካሁን አልሞትንም» አልኩት።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ካሌታ ሞራዳ ከሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር አራት ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ዳገት ጨረስን። ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ ምድሩ በአበባ ሐምራዊ ነበር። ይህንን ቦታ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በዚህ ስናልፍ አባቴ አቧራውን ፈርቶ «መስኮት ዝጉ» ይለን ነበር፤ ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረበትም። ዬርኮ ሞተሩን አጠፋ።

«እማዬ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«አቧራ ነው» አልኩት።

ሲያቆም ግን ሁለቱን የቀኝ ጎማዎች አበባው ላይ አውጥቷቸው ነበር። ዶን ሳቢኖ የመጡት ያኔ ነው። ጡረታ የወጡ ማዕድን ቆፋሪ ናቸው፤ በመንደሩ ጫፍ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ አበባ በሚወጣበት ዓመት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ በእግራቸው እየዞሩ ጎብኚ ሲቆጡ ይውላሉ። በምርኩዛቸው የመኪናችንን ጎን ደበደቡት።

«አንተ ጎረምሳ! ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ የጠበቀ ዘር ነው የረገጥከው! አንተ ቦታ እስክታገኝ ሰባት ደቂቃ መጠበቅ አቃተህ?»

«አባቴ፣ መኪናውን ይተዉት!»

«ይሄ መኪና ነው? ይሄ ጎማ ያወጣ የዶሮ ቤት ነው!»

መንገዱ ዳር የቆሙት ጎብኚዎች ሳቁ። የልጄ ፊት ቀላ። «እንዲህ በየመንገዱ ሲዞሩ አንድ ቀን መኪና ሥር ይገባሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሁሉም ሰማ።

አመሻሹ ላይ ጎብኚዎቹ ሄዱ፣ ዬርኮም ውሃና ጋዝ ሊያመጣ ብቻውን ወደ መንደሩ ነዳ። እኔ ወንበሬን ዘርግቼ ቀረሁ። ብዙ ሳይቆይ ከባሕሩ ካማንቻካ ተነሳ፤ ያ እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን የማታይበት ጉም። ዬርኮ የተመለሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እራቱን ሳይጨርስ ተኛ። «ምን ሆነሃል?» ብዬ ስጠይቀው «ደክሞኛል» ከማለት በቀር አልመለሰልኝም።

አስከሬኑን አይቼ በጮኽኩበት ዕለት ኢንስፔክተር ሊሳንድሮ ሮኮ ከኮፒያፖ ከተማ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጡረታው የቀረበ፣ ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ነው። አስከሬኑን ለረጅም ጊዜ አየ፣ መሬቱን አየ፣ መኪናችንን ዞረ። ከዚያ በዚያ ሜዳ ላይ ጥላ ያለው ጠረጴዛ የእኛ ብቻ መሆኑን አስተዋለ።

«ዶኛ ኔልዳ፣ ካልከፋዎት ቢሮዬን እዚህ ልክፈት።»

«ሻይ ላፍላልዎት?»

«እንግዲያው ከኮፒያፖው ቢሮዬ ይሻላል ማለት ነው።»

በዚህ ምክንያት ምርመራውን ከሞላ ጎደል ምድጃዬ አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሽማግሌው ትናንት ከምሽቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መኪና ገጭቷቸው መሞታቸውን ነግሮታል። ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ለጥያቄ ያስቀመጠው ዬርኮን ነው።

«ስንት ሰዓት ሄድክ?»

«አንድ ሰዓት ገደማ።»

«ስትመለስ ሁለት አልፏል። ለስምንት ኪሎ ሜትር?»

«ጉም ነበር። ኤሊ ትቀድመኝ ነበር።»

«መንገድ ላይ ማንን አገኘህ?»

«ማንንም። ፌርሚን የሚሉት ሰው የውሃ ቦቴ ከእኔ በፊት ከመንደሩ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«'መኪና ሥር ይገባሉ' ያልካቸውን ሽማግሌስ?»

«ተናድጄ ነው! ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ምን ልበል?»

ኢንስፔክተሩ ዳቦውን ቆረሰ። «ፓራውልቱን ምን ነካው?»

ዬርኮ ወደ እኔ ሳያይ መለሰ። «የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር በር ላይ ወደ ኋላ ስል የበሩን ብረት መታሁት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሌሊቱን ሙሉ ስታወራው ታድር ነበር።»

«መኪናው በሙሉ አቧራ ለብሷል። አንድ ክንድ የምትሆን ቦታ ብቻ እንደ ሠርግ ሳህን ታበራለች። አንተ ነህ ያጠብከው?»

«እኔ? አይ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ኢንስፔክተሩ ምን እንዳሰበ አላየሁም። እኔ የማየው ልጄን ነበር። መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት።

«እማዬ?» አለ። «አንቺ የገጨኋቸው እኔ ነኝ ብለሽ ነው?»

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። እኔ ክብሪት ፍለጋ ዞርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ፌርሚን በቦቴው መጣ። ለአካባቢው መንደሮች ሁሉ ውሃ የሚያዳርስ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ታንከራችን መሰንጠቁን ሰምቶ ውሃ ይዞልን ነው የመጣው።

«ዶኛ ኔልዳ፣ ይሄ ታንከርዎ እንደ ሚስቴ ነው፤ የነገሩትን አይይዝም» አለ፤ ኢንስፔክተሩን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

«ትናንት ማታ በዚህ መንገድ ነበርክ አሉ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ሁልጊዜ ነኝ። መንገዱ ከእኔ ጋር ነው ያረጀው።»

«ይህንን መኪና አይተኸዋል?»

ፌርሚን ኮፍያውን አውልቆ አቧራውን አራገፈ። «መናገር አልወድም። ልጅ ነው። ግን አልፎኝ ሄደ፤ በዚያ ጉም፣ እንደ እብድ።»

«ውሸት ነው!» ዬርኮ ከወንበሩ ተነሳ። «አላለፍኩህም! አንተን አላየሁህም!»

«ተቀመጥ፣ የከተማ ልጅ። የሰው ስም ለማጥፋት አይደለም፣ ያየሁትን ነው» አለ ፌርሚን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሲመሽ ፖሊሶቹ ዬርኮን ወደ መንደሩ ጣቢያ ወሰዱት። ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ለመነሳት ጠረጴዛዬን ተደገፈ።

«እስከ ነገ ማታ ሌላ ነገር ካላገኘሁ ወደ ኮፒያፖ ይዤው እወርዳለሁ። ዐቃቤ ሕጉ እየጠበቀኝ ነው። አልዋሽዎትም፣ ዶኛ ኔልዳ፤ እርስዎ ያጠቡት ነገር ከዛቻውም ከምስክሩም የበለጠ ከብዶበታል።»

በማግስቱ ጠዋት ከመንደሩ ሲመለስ ጣቱ ላይ ቀይ ቀለም ነበር።

«አንቲሩስት ነው፣ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው» አለኝ። «የማኅበሩ ዘበኛ ትናንት ወዲያ ነው በሩን የቀባው። ልጅዎ ሲመታው ቆሞ አይቷል፣ ከእሱ ጋር ሌላም ሰው ነበር። ብረቱ ላይ የመኪናዎ ነጭ ቀለም ተገኝቷል። ደም አልነበረም ያጠቡት።»

የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። «እንግዲያው ልቀቁታ!»

«ሳያጥቡት ባየው ኖሮ ያኔውኑ ቀለም ነው ብዬ በለቀቅኩት። አሁን ዐቃቤ ሕጉ ምን ይላል? በር መትቶ፣ ሲመለስ ደግሞ ሰው መትቶ፣ እናቱ አጥባለታለች ይላል።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ነገር እንዳይመጣ ቀድሜ ስፈራ ኖሬአለሁ። ፍርሃቴ ራሱ ተነስቶ ልጄን ሊከስሰው ይችላል ብዬ ግን አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ የሟች እህት ዶኛ ዞይላ ከቫዬናር መጡ። ጥቁር የለበሱ፣ ሰውነታቸው ትንሽ የሆነ አሮጊት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ሻማ፣ በብብታቸው የእንጨት ቤት፣ ከጫማ ሣጥን የማትበልጥ። አገራችን ውስጥ መንገድ ላይ ሰው ከሞተ ለነፍሱ እንዲህ ያለች ቤት ይሠራለታል፤ አኒሚታ እንላታለን። ሹፌር ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም ይላታል።

«ማነው መጀመሪያ ያየው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ዶኛ ዞይላ።»

«በትክክል የት ነው? ራሱ በየት በኩል ነበር? ልጄ፣ በግምት እንዳትነግሪኝ። ቤቷ ነፍስ በወጣችበት ላይ ካልተሠራች ባዶ ናት። በአንድ ክንድ ከሳትናት ወንድሜ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ይኖራል።»

መሬቱን አሳየኋቸው። ራሳቸው በዚህ፣ እግራቸው በዚህ። «እጃቸው ደግሞ እንዲህ» ብዬ የራሴን እጆች ደረቴ ላይ አደራረብኩ። «ባርኔጣቸው ከሥሩ...»

እጆቼ እዚያው ደረቴ ላይ ቀሩ።

ኢንስፔክተሩ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «እስቲ ይድገሙት።»

ደገምኩት።

«እኔ ስደርስ ባርኔጣው ፊታቸው ላይ፣ እጃቸውም ጎናቸው ላይ ነበር።»

«ፊታቸው ላይ ያደረግኩት፣ እጃቸውንም ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ዝንብ... ረሳሁት። የማየው ፓራውልቱን ነበር።»

መሬቱን እንደገና አየ። «መሬቱ ላይ አንድ ጠብታ ደም አላየሁም» አለ በመጨረሻ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። «ሌላ ቦታ ሞተው እንደመጡ ገምቻለሁ፤ ልጅዎ ደንግጦ አምጥቶ የጣላቸው መስሎኝ ነበር። የደነገጠ ጎረምሳ ግን ጎትቶ ይጥላል እንጂ እጅ አያደራርብም። ይህንን ያደረገ ሰው ያውቃቸዋል። ሳያዝንላቸውም አልቀረም።»

«እንዴ፣ ታዲያ የሞተው እዚህ አይደለም?» አሉ ዶኛ ዞይላ፣ ቤቷን እንደታቀፉ።

ኢንስፔክተሩ ምርኩዝ የሚሆን እንጨት ለመነኝና ብቻውን በእግሩ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ሄደ። አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ እያነከሰ ሲመለስ ሁለቱም ጉልበቶቹ ጭቃ ነበሩ። የወደቀ መሰለኝና ፎጣ ሰጠሁት። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር በሆነው ምድር ጭቃ ከየት መጣ ብሎ ለመጠየቅ ልብ አልነበረኝም። እስከ ማታ የቀረችውን ፀሐይ ነበር የምቆጥረው።

አመሻሹ ላይ ኢንስፔክተሩ ፌርሚንን አስጠራው። ቀደም ብሎ በሹክሹክታ ያማከራቸው ዶኛ ዞይላ ተንበርክከው ድንጋይ ይደረድራሉ፤ አጠገባቸው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ተቀምጧል።

«ጥሩ ጊዜ መጣህ» አለው ኢንስፔክተሩ፣ ፌርሚን ሲደርስ። «ለዶን ሳቢኖ የነፍስ ቤት ሲሚንቶ ልናቦካ ነው። ሁለት ባልዲ ቅዳልን።»

«የት ልትሠሯት ነው?»

«እዚሁ ነዋ። በሞቱበት ላይ።»

ፌርሚን የቦቴውን ቧንቧ ከፈተ። ዶኛ ዞይላ መሬቱን በእጃቸው እየጠረጉ «ወንድሜ፣ በቃህ፣ አትዙር፤ ቤትህ ይኸውልህ፣ እዚህ እረፍ» ይላሉ። ባልዲው ሞላ። ከዚያ ፈሰሰ። ፌርሚን ቧንቧውን አልዘጋውም። በዚህ በረሃ ውሃ ሲፈስ እያየ የሚቆም የቦቴ ሹፌር አይቼ አላውቅም።

«እዚህ አይደለም» አለ።

ዶኛ ዞይላ ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዶኛ ዞይላ። እዚህ አይሥሯት። እዚህ የሉም።»

ቧንቧውን የዘጋው ኢንስፔክተሩ ነው። «ከመንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ የመንገዱ ጥምዝዝ ሥር» አለ። «ከድንጋዩ ጀርባ። አዲስ የቆርቆሮ ቤት አለች፣ ስም የሌላት። አበባ ተተክሎላታል። ሰው ለሙት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስቀምጣል፣ ፌርሚን። ዙሪያውን ጭቃ እስኪሆን የሚያጠጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

ፌርሚን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ሰውነት ባንዴ ረገፈ። «ጉም ነበር» አለ። «ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ ሲሉ... ድምፁን ነው የሰማሁት። ሳልወርድ አውቄያለሁ።»

«ተሠቃየ?» አሉ ዶኛ ዞይላ።

«አልተሠቃዩም። ወዲያው ነው። ብቻቸውንም አልነበሩም። ቦቴውን ከድንጋዩ ጀርባ አቁሜ፣ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ጋቢና ውስጥ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። እዚያ ልተዋቸው አልቻልኩም፤ ቀበሮ አለ። ሰው አጠገብ ይሁኑ ብዬ አመጣኋቸው።»

«ሰው በመንደሩም አለ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለምን ወደዚህ?»

ፌርሚን እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ዘበኛው ነግሮኛል። ልጁ በሩን ሲመታ አብረኸው ቆመህ ትስቅ ነበር። ስርጉዱ ከየት እንደመጣ እያወቅህ አልነገርከኝም።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ ፌርሚን። ያለው ለኢንስፔክተሩ ሳይሆን ለእኔ ነው። «ዶኛ ኔልዳ፣ ሦስት።»

«እኔ ያለኝ አንድ ነው» አልኩት።

ወደ ፖሊስ መኪናው ከመግባቱ በፊት ፌርሚን ዶኛ ዞይላን ወደ ጥምዝዙ ይዞ እንዲሄድ ለመነ፤ ኢንስፔክተሩ በሁለት ፖሊሶች አጀብ ፈቀደለት። የእንጨት ቤቷን ፌርሚን ራሱ ተሸከመላቸው። አሮጊቷ ከኋላው ሄዱ፣ አልሰደቡትም፣ አላናገሩትምም። ኢንስፔክተሩ የሻይ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«ለእኔ ሲዋሽ ዓይኑን አላሸም» አለኝ። «ለሙቱ መዋሸት ግን አልሆነለትም። ልጅዎን አሁን ይልኩልዎታል።»

«ኢንስፔክተር» አልኩት፣ «እናቶች ሁሉ እንደኔ ያደርጋሉ?»

«አንዳንዶቹ መጀመሪያ ልጃቸውን ይጠይቁታል» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ለዚህ ነው ቃሉ ጠልቆ የወጋኝ።

ዬርኮ ሲመጣ ጨልሞ ነበር። ከፖሊሶቹ መኪና ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ። ዳቦ በአቮካዶ ሰጠሁት። በላ። የምሽት ነፋስ ከባሕሩ በኩል ገብቶ መጋረጃውን ያንቀሳቅሳል። «ብርድ ይመታሃል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ዋጥኩት።

«አምነሽ ነበር?» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ፈርቼ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ።»

«ለእኔ አንድ ነበር፣ ልጄ። ሁልጊዜ አንድ ነበር። ልቀሰቅስህና ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።»

 ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም በለኝ ብዬ አልለመንኩትም። ይነሳና በጨለማው ይሄዳል ብዬ አሰብኩ፤ በእግሩ እስከ መንደሩ፣ ከዚያም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ የማላውቀው ቦታ ሁሉ ታየኝ። ከኋላው ቆሜ በሩን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ።

በመጨረሻ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን አራገፈ። በጎኔ አልፎ ገባ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካው።

«ነገ እስከ ሰሜኑ ሜዳ እንነዳለን» አለ ከአልጋው ላይ። «እዚያ ደግሞ አበባው ቢጫ ነው ይላሉ። አንቺ ግን እየነዳሁ አታውሪኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«እማዬ፣ በሩን።»

ዘጋሁት፣ ቁልፉንም አዞርኩት።